ምጽዋትና ምርመራ

ለተራበ ሰው እንጀራ ከመስጠት በፊት አፉን ማሽተት ይገባልን? ይህ ጥያቄ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከሐዋርያት ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ ሊቃውንትንም መኳንንትንም ዳኞችንም ሲያከራክር የኖረ ነው። በአሜሪካን አገር ነገሩ ሕግ ሆኖ ወጥቶ፥ የመንግሥት ርዳታ የሚቀበል ድኻ ሽንቱን በብልቃጥ አቅርቦ አደንዛዥ ዕፅ አለመውሰዱን እንዲያስመረምር የታዘዘበት ጊዜ ነበረ። ይህን የሰማ ያገራችን ሰው፥ የሩቅ አገር ወሬ ነውና እኛን ምን አገባን ይል ይሆናል። እኛ ግን ያንኑ ጥያቄ በገዛ ሰፈራችን በአዲሱ ገበያ፥ በአንድ ስብሰባ ላይ ተቀምጠን በጆሯችን ስለ ሰማነው፥ ታሪኩን ከሥሩ ጀምረን ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የከተማ ሴፍቲኔት የተባለው ርዳታ በአዲስ አበባ ሲጀመር፥ በየመንደሩ ማን የባሰ ችግረኛ እንደ ሆነ የሚለዩ የሰፈር ሰዎች ተመርጠው ነበር። ስም እየተጠራ፥ ይህ ይገባዋል ያ አይገባውም ሲባል፥ ዕድሜዋን ሙሉ ከእንጦጦ ጫካ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል በጀርባዋ እያወረደች በመሸጥ የኖረች የአንዲት ባልቴት ስም ተነሣ። አንድ ጐልማሳ ቆሞ፥ «ድኽነትዋን ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን ልጅዋ ቀን ጫት ማታ አረቄ ነው። ብሩ በእርስዋ እጅ ገብቶ በልጅዋ ጕሮሮ ነው የሚወርደው። የሕዝብ ገንዘብ ለዚህ አልመጣም» አለ። ብዙ ሰው በነገሩ ተስማማ። ያን ጊዜ ከወደ ኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት አሮጊት ተነሥተው፥ «ልጄ፥ አረቄውን የምሸጥለት እኔ ነኝ፤ እኔን ግን ቅድም መዝግባችሁኛል። ታዲያ ማናችንን ነው የምትከለክሉት?» አሉ። ጥቂቶች ሳቁ። ሰብሳቢውም፥ «እማማ፥ ይቀመጡ፤ በኋላ እናየዋለን» አላቸውና የባልቴቲቱ ስም «በኋላ የሚታይ» ተብሎ ተጻፈ።

ያ የተናገረው ጐልማሳ ክፉ ሰው አልነበረም። እኛ የምናውቀው ጐረቤት ነው፤ በሰፈሩ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ለመትከል ከሚቀድሙት አንዱ ነው። የተናገረውም የብዙ ሰጪዎች ሐሳብ ነው፤ የሰጠሁት ገንዘብ ለመልካም ነገር ይዋል ማለት ነውር አይደለምና። ስለዚህ ነገሩን በንቀት ሳይሆን በጥንቃቄ መመልከት ይገባል።

ርዳታ ተቀባይን መመርመር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፥ በየቀኑ በሚሰጠው ምግብ የተነሣ የመጀመሪያው ማጕረምረም በምእመናን መካከል ሆነ፤ ከግሪክ አገር ቋንቋ ተናጋሪዎች ወገን የሆኑት ባልቴቶች ተዘንግተው ነበርና። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፥ ያ ክርክር የተነሣው ተቀባዮቹ አጥፍተው ሳይሆን አከፋፈሉ አድልቶ ስለ ተገኘ ነው። መድኀኒቱም ባልቴቶቹን መመርመር ሳይሆን፥ የተመሰከረላቸውን ሰባት ዲያቆናት ለማዕዱ መሾም ሆነ። ምርመራው በአከፋፋዮቹ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በፊተኛው መልእክት በምዕራፍ 5፥ በባልቴቶች መዝገብ የምትጻፈው ሴት ዕድሜዋ ከ60 ዓመት ያላነሰ፥ በበጎ ሥራ የተመሰከረላት፥ እንግዳ የተቀበለች፥ የተጨነቁትን የረዳች እንድትሆን አዘዘ። ይህ በክርስቲያኖች ዘንድ ከሚታወቁት የርዳታ መዝገቦች ሁሉ የቀደመ ነው፤ ዕድሜ ይጠየቅበታል፥ ጠባይም ይመዘንበታል። ለተሰሎንቄ ሰዎችም መሥራት የማይወድ አይብላ ያለው እርሱ ነው። ይህን ቃል ዛሬ ብዙ ሰው ሲጠቅስ እንሰማለን፤ ነገር ግን ሐዋርያው «የማይወድ» አለ እንጂ «የማይችል» አላለም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ የክርክሩን ግማሽ የሚይዝ ነው።

ትምህርተ ሐዋርያት የተባለውን፥ በግሪክኛ ዲዳኬ የሚሉትን ጥንታዊ መጽሐፍ ፊሎቴዎስ ብርዬንዮስ የተባለ የግሪክ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1873 በቍስጥንጥንያ አግኝቶ በ1883 አሳተመው። ይህ መጽሐፍ ሁለቱንም ወገን አንድ ላይ ይዞ መገኘቱ ያስደንቃል። ለሚለምን ሁሉ መስጠትን ያዝዛል፤ ወዲያውም ለማን እንደምትሰጥ እስክታውቅ ድረስ ምጽዋትህ በእጅህ ውስጥ ይቈይ የሚል ምክር ይጨምራል። መንገደኛ ቢመጣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያስተናግዱታል፤ ሊቀመጥ ቢወድ ግን ሥራ ይዞ እንጀራውን ይብላ ይላል። ሳይቸግረው የሚቀበለውን ሰው በተመለከተ ደግሞ፥ ስለ ምን እንደ ተቀበለ መልስ የሚሰጥ እርሱ ራሱ ነው ይላል፤ የሰጪው እጅ ንጹሕ ነው።

የኋለኞቹም አባቶች በዚህ ነገር በአንድ ቃል አልተናገሩም። ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአንጾኪያ ሳለ ስለ አልዓዛርና ስለ ባለጠጋው ባስተማረው ስብከት፥ ድኻውን ከየት መጣህ፥ ምን ሠራህ፥ ጠባይህ እንዴት ነው እያሉ የሚያስጨንቁትን አጥብቆ ይዘልፋል። መጽዋች ለመርከበኞች እንደ ወደብ ነው ይላል፤ ወደብ ማዕበል የሰበረውን መርከብ ሁሉ ይቀበላል እንጂ፥ የሚሰጥሙት ሰዎች ደጎች ናቸው ወይስ ክፉዎች ብሎ አይጠይቅም። በአንጻሩ የቂሣርያው ባስልዮስ ትምህርት ተብሎ በአንድ መልእክት የተጻፈው፥ በእውነት የተቸገረውን ገንዘብ ለማከማቸት ከሚለምነው ለይቶ ለማወቅ ብዙ ልምድ ያስፈልጋል ይላል፤ ለሚዞረው ለማኝ ሁሉ የሚሰጠውንም ሰው ይነቅፈዋል። ይህን ያስተማረው ባስልዮስ ግን በቂሣርያ ለድኾችና ለሕሙማን ያን የታወቀውን ታላቅ መጠለያ የሠራው ራሱ ነው፤ በመጠንቀቁ ንፉግ አልሆነም። ሁለቱም የተከበሩ አባቶች ናቸውና አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይቻልም። የአንዱ ቃል ለመንገድ ላይ ሰጪ፥ የሌላው ቃል ለብዙ ሰው ገንዘብ ጠባቂ የተነገረ ይመስለናል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ያበሻ ልማድ ወደ አፈ ወርቅ ያዘነበለ ሆኖ እናገኘዋለን። ቋንቋችን ራሱ ምስክር ነው። ለማኙን «የኔ ቢጤ» ብለን እንጠራዋለን፤ እኔን የሚመስል፥ እንደ እኔ ያለ ማለት ነው። የምንሰጠው ባጣን ጊዜም «እግዜር ይስጥህ» እንለዋለን እንጂ፥ ሰካራም ስለ ሆንህ አልሰጥህም አንለውም። ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስለ ማርያም» እያለ በየደጁ የሚቆመውን የቆሎ ተማሪ፥ ውሻ ያባርረው እንደ ሆነ ነው እንጂ፥ ዳዊት ደግመሃልን ወይስ ስታውደለድል ዋልህ ብላ የጠየቀችው ባለቤት የለችም። ከዚህ ጋዜጣ አንባብያን መካከል በዚያ አኩፋዳ ያደጉ ብዙዎች ናቸውና ምስክር መጥራት አያስፈልገንም። ጠይቃ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ሊቅ በረኀብ ትምህርቱን በተወ ነበር! በሰንበቴም በዝክርም በተዝካርም በደጀ ሰላም የተቀመጠው ሁሉ ይበላል፤ ጠጅ ወይም ጠላ የሚቀዳለትም በዚያው ነው።

በክፉ ቀን፥ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከብቱ በበሽታ አልቆ አገር በተራበ ጊዜ፥ ዐፄ ምኒልክ ጎተራቸውን ከፍተው ለሕዝቡ እህል አደሉ፤ የሚያርስ በሬ ስለ ጠፋም መቈፈሪያ ይዘው በገዛ እጃቸው መሬት እየቈፈሩ ለመኳንንቱ አሳዩ። ያን ጊዜ ከዛሬው አዲሱ ገበያ በላይ ያለው እንጦጦ የመንግሥቱ መቀመጫ ነበረ። በዚያ ቀን የተራበውን ሁሉ ያስተካከለው ረኀቡ ነው፤ ጠባይን ለመመዘን ጊዜ ያገኘ አልነበረም።

ይሁን እንጂ የድሮውን ሁሉ ቅዱስ አድርገን ልንጽፍ አንወድም። ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን ቡዳ ብሎ ያራቀ፥ በሥጋ ደዌ የተያዘውን ከሰፈር ያወጣ ይኸው ሕዝብ ነው። እጃችን ሳይመረምር ሲሰጥ፥ አንደበታችን ግን ሁልጊዜ ይመረምር ነበር።

በእንግሊዝ አገር ምርመራው በጽሕፈት ወጣ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1697 በታወጀ ሕግ፥ ከሰበካው ርዳታ የሚቀበል ድኻ በቀኝ ትከሻው ላይ ከቀይ ወይም ከሰማያዊ ጨርቅ የተቈረጠ ምልክት እንዲሰፋ ታዘዘ፤ ያየው ሁሉ እንዲያውቀው ነው። በ1834 የወጣው ሕግ ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ነበር። ርዳታ የሚፈልግ ሰው ቤቱን ትቶ ወደ ድኾች መሥሪያ ቤት ይግባ፤ በዚያም ያለው ኑሮ ከመጨረሻው የቀን ሠራተኛ ኑሮ የከፋ ይሁን አለ። ወደዚህ ሊገባ የፈቀደ በእውነት ድኻ ነው፥ ያልፈቀደም አልተቸገረም ብለው ነው። ባልና ሚስት፥ ወላጅና ልጅ በየክፍሉ ይለያዩ ነበር። ቤቱ ራሱ መመርመሪያ ሆነ።

ባገራችን መንግሥት ለችግረኛ በመዝገብ ርዳታ መስጠት ከጀመረ ወዲህ የተያዘው ፈተና የሥራ ፈተና ነው። ከ1966ቱና ከ1977ቱ ረኀብ የተነሣ ብዙ ሕዝብ በርዳታ እህል ኖረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1993 የወጣው የአደጋ መከላከል ፖሊሲ፥ መሥራት የሚችል ሰው ያለ ሥራ ርዳታ አይቀበልም የሚል መመሪያ አኖረ። ይህ መመሪያ በ1997 ዓ.ም. በገጠር የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር መሠረት ሆነ፤ መርሐ ግብሩ ሲጀመር 5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይዞ ነበር። ጕልበት ያለው እርከን ይሠራል፥ ኵሬ ይቈፍራል፥ መንገድ ይጠርጋል፤ አረጋዊው፥ አካለ ስንኩሉና ነፍሰ ጡሯ ግን ያለ ሥራ ይቀበላሉ። እንግሊዞች ቤት ሠርተው የፈተኑትን እኛ በዶማና በአካፋ ፈተንነው ማለት ነው፤ ነገር ግን የእኛው እርከንና ኵሬ ለሠራተኛው ለራሱ ማሳ የሚጠቅም ስለ ሆነ፥ ነውሩ ከዚያኛው ያነሰ ነው።

የከተማው ሴፍቲኔት ከዚህ ተቀድቶ በ2008 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ጸደቀ። ገንዘቡ 450 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፥ 300ው ከባንኩ፥ 150ው ከመንግሥት ነው፤ በ11 ከተሞች 604,000 ሰው እንዲረዳ ታሰበ። ከመቶው 84ቱ በሥራ፥ 16ቱ ያለ ሥራ እንዲቀበሉ ተወሰነ። በአዲስ አበባ ጐዳና ማለዳ መጥረጊያ ይዘው የምናያቸው፥ የወንዝ ዳር የሚያጸዱት፥ ችግኝ የሚያጠጡት እናቶች ብዙዎቹ በዚህ የገቡ ነበሩ። ክፍያው በባንክ ደብተር ይገባል፤ ከክፍያውም ከመቶ 20ው እንዲቈጠብ ተደረገ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በራሳቸው እግር እንዲቆሙ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ስለ ሽንትና ስለ ደም ምርመራ የተጻፈ አንቀጽ የለም። ሕጉ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ድኽነትህ ምን ያህል ነው? ጕልበትህስ ምን ያህል ነው?

ድኽነትን ማስመስከር ለጉለሌ ሰው አዲስ አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. ቀበሌ ከተቋቋመ ወዲህ፥ ከፍሎ መታከም የማይችል ሰው ከቀበሌው የነፃ ሕክምና ወረቀት አጽፎ ይሄድ ነበር። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ድኾች እንዲታከሙበት ታስቦ የተሠራው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በዚሁ በጉለሌ ስለ ሆነ፥ የሰፈራችን ሰው ያን ወረቀት ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ወረቀቱ የሚያረጋግጠው ግን ድኽነትን ብቻ ነው። ጉበቱ በአረቄ የታመመው ሰውዬ፥ ወባ እንዳመመው ሰው ያንኑ ወረቀት ይዞ ይገባ ነበር።

እንግዲህ ወደ አሜሪካን እንሻገር፤ የጠባዩን ምርመራ ወደ ቤተ ሙከራ የወሰዱት እነርሱ ናቸውና። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 የወጣ የአገሪቱ ሕግ፥ የድኾች ርዳታ የሚቀበሉትን ሰዎች የየግዛቱ መንግሥት ለአደንዛዥ ዕፅ ሊመረምር እንደሚችል ፈቀደ። ሚሺጋን በ1999 ሞከረችው፤ ወዲያው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ፍርድ ቤት አገደው። ፍሎሪዳ ግን በ2011 ከሁሉ የጠነከረውን ሕግ አወጣች። ልጆች ያሉትና ርዳታ የሚጠይቅ ማንኛውም ድኻ፥ ተጠረጠረም አልተጠረጠረም፥ አስቀድሞ ይመርመር፤ የምርመራውንም ዋጋ ከራሱ ይክፈል፤ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ ይመለስለታል፤ ዕፅ ቢገኝበት አንድ ዓመት ይከለከላል፥ ሕክምና ቢጨርስ ግን ከስድስት ወር በኋላ ዳግመኛ ሊያመለክት ይችላል የሚል ነበር። የልጆቹን ድርሻ ሌላ የታመነ ሰው እንዲቀበልላቸውም ፈቀደ።

የሕጉ ደጋፊዎች ያቀረቡት ምክንያት በአዲሱ ገበያው ስብሰባ ከሰማነው አይለይም። ግብር ከፋዩ ደክሞ ያገኘው ገንዘብ የሱስ መግዣ አይሁን፤ ሠራተኛው ሥራ ለመቀጠር ይመረመር የለምን፥ ርዳታ ተቀባዩ ስለ ምን አይመረመርም? የሚል ነው። ይህ ቃል ለጆሮ የሚስማማ ነው፤ እኛም መጀመሪያ ስንሰማው ምን ክፋት አለበት ብለን ነበር።

ከዚያ ሕጉ ተሠራበት። በጥቂት ወራት ውስጥ ከተመረመሩት 4,086 ሰዎች ዕፅ የተገኘባቸው 108 ብቻ ሆኑ፤ ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞላም። ንጹሓን ሆነው ለተገኙት የምርመራ ዋጋቸውን ለመመለስ ግዛቱ ከ118 ሺህ ዶላር በላይ አወጣ። ከባሕር ኃይል አገልግሎት የተሰናበተ፥ ልጁን ብቻውን የሚያሳድግና አካለ ስንኩል እናቱን የሚጦር አንድ ተማሪ፥ ያለ አንዳች ጥርጣሬ ሰውነቴ ሊፈተሽ አይገባም ብሎ አልመረመርም አለና ከሰሰ። ዳኛዋ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ሕጉን አገዱት፤ በ2013 ፍጻሜ ላይ ጨርሰው ሻሩት፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2014 አጸናው። ይግባኝ ሰሚዎቹ ዳኞች የደረሱበት፥ ድኾች ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ዕፅ የሚወስዱ ስለ መሆናቸው ግዛቱ ማስረጃ አላቀረበም የሚል ነው። ድኻ መሆን ብቻውን ለመጠርጠር ምክንያት አይሆንም ማለታቸው ነው። አውስትራሊያም በ2017፥ ርዳታ ከሚጠይቁት አዲስ ሰዎች 5,000ውን በሦስት ቦታ እንመርምር የሚል ሐሳብ አቅርባ፥ የላይኛው ምክር ቤት ሳያሳልፈው ቀረ።

ይህን ሁሉ ወደ አዲሱ ገበያ አምጥተን ብንመዝነው ምን እናገኛለን? እስቲ እንበልና መመርመሪያው ከመንገዱ ዳር ተተከለ። ምኑን ይመረምራል? ጫትን ነውን? ጫት ባገራችን በሕግ የተፈቀደ፥ ከውጭ አገር ገንዘብ ከሚያስገቡልን ዋና ዋና ዕቃዎች አንዱ፥ መንግሥትም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ባወጣው ዐዋጅ ኤክሳይስ ቀረጥ የሚሰበስብበት ቅጠል ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ደግሞ በ2014 በሰኔ ወር ከለከለው፤ በለንደን የሚኖር ወንድማችን በግንቦት በግልጽ የገዛው ዕቃ በሰኔ መጨረሻ ወንጀል ሆነበት። ወይስ አረቄን ይመረምራል? የጐዣም መንገድ ከሚያልፍበት ከዚህ ገበያ ዙሪያ ጠላ ጠምቃ፥ አረቄ አውጥታ ልጆችዋን ያስተማረችው እናት፥ ከምትሸጠው በቀር ሌላ ሥራ የላትም። ገዢውን ከርዳታ አውጥተን ሻጯን ብናስገባ፥ ሻጯንም ከአረቄው ብናስተዋት፥ ሦስተኛ ሰው ለርዳታ መጣብን እንጂ ከሁለቱ አንዱን አላዳንንም። አሮጊቲቱ በስብሰባው ላይ ያሉት ይህንኑ ነው፤ ተሳቀባቸው እንጂ።

ማስቲሽ የሚስቡትን የጐዳና ልጆች ነገር ደግሞ እናንሣ። ይህ ከሁሉ የሚያሳዝነው ነው። ልጆቹ ራሳቸው ሲጠየቁ የሚሉት፥ ረኀቡንና የሌሊቱን ብርድ ለመርሳት ነው። የከተማው ሴፍቲኔት ጐዳና ላይ የወደቁትን አንሥቶ የሚያስጠልልበትና የሚያቋቁምበት ክፍል ነበረው። በደጁ ላይ አስቀድሞ የምርመራ ብልቃጥ ተቀምጦ ቢሆን፥ የመጀመሪያዎቹ ተመላሾች እነዚሁ ይሆኑ ነበር፤ ርዳታው የተሠራላቸው ግን እነርሱ ናቸው። ሱሳቸው የችግራቸው ማስረጃ እንጂ የማይገባቸው የመሆኑ ማስረጃ አልነበረም።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ስንጽፍ አንዳንድ አንባቢ ሊቈጣ ይችላል። መንግሥት ለብዙ ዓመት ነዳጅን ሲደጕም ኖሮ ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ነው ደረጃ በደረጃ መቀነስ የጀመረው። በዚያ ድጎማ ብዙ ያገኘው ብዙ የነዳ ነው፤ ሁለት መኪና ያለው ሰው ከሕዝብ ገንዘብ በሁለት እጅ ተቀበለ። ትናንት ማታ ምን ጠጥተህ ነበር ብሎ በነዳጅ ማደያው ደጃፍ የጠየቀው ሰው ግን አልሰማንም። እኛም ከተቀበሉት መካከል ነንና ይህን የምንጽፈው በራሳችንም ላይ ነው።

ይሁን እንጂ በፍሎሪዳው ብልቃጥ ላይ ከመፍረዳችን በፊት የእኛን ምላስ እንመርምር። ብልቃጡ ቢያንስ የሚያየው አንድን ሰው ነው፤ ንጹሕ ከሆነም ንጹሕ ነው ብሎ በወረቀት ይጽፋል። በሰፈር ስብሰባ የሚነገረው ግን ስለ ልጅ እናትን፥ ስለ ባል ሚስትን ይከሳል፤ በመዝገብም አይገባም። ዳኛ ፊት ለመቆም የተጻፈ ነገር ያስፈልጋል። በሴፍቲኔቱ ሥርዐት ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን «በኋላ የሚታይ» በተባለ ነገር ላይ ምን ተብሎ ይግባኝ ይባላል?

በሌላው ወገን ያለውን ሐዘን ደግሞ መሸፈን አይገባም። ሚስት ቀኑን ሙሉ ጐዳና ጠርጋ ያገኘችውን፥ ባል ደብተሩን ነጥቆ አውጥቶ የሚጠጣበት ቤት አለ። ልጆቹ ጦማቸውን እያደሩ የጐረቤት ሰው ዝም ብሎ ማየት አይችልም፤ ያ ጐልማሳ በስብሰባው ላይ የተናገረው ይህን የመሰለ ቤት አይቶ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ገንዘቡ በማን ስም ይግባ፥ ደብተሩ በማን እጅ ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ባስልዮስ ልምድ ያስፈልጋል ያለው ለዚህ ዓይነቱ ይመስለናል፤ ሰጪው እጁን ከመዘርጋት እንዲከለከል ሳይሆን፥ የተሰጠው ለተሰጠበት አፍ እንዲደርስ ነው። ጠጪው ባል ደግሞ ሐኪም የሚያስፈልገው በሽተኛ ነው፤ አማኑኤል ሆስፒታል በአልኮልና በጫት የተጐዱትን ያክማል። ነገር ግን የአልጋው ቍጥር ከበሽተኛው ቍጥር ጋራ እንደማይተካከል የታመመ ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቃል። ሐኪም ቤት ሳያበዙ መመርመሪያ ማብዛት፥ ቍስሉን አሳይቶ ጨርቁን መከልከል ነው። እኛ የምናስበው ይህ ነው፤ የእንጀራው መዝገብ ሌላ፥ የሕመሙ መዝገብ ሌላ ይሁን፤ አንዱ የሌላው መክፈቻ አይሁን።

የባልቴቲቱ ነገር እንዴት ሆነ የሚል አንባቢ ይኖራል። ከስብሰባው በኋላ አንድ የሰፈራችን መምህር ማመልከቻ ጻፉላት፤ በማመልከቻውም ስለ ልጅዋ አንድም ቃል አላስገቡም፤ ዕድሜዋን፥ የቤትዋን ኪራይ፥ እንጨት ከተወች ምን ያህል ጊዜ እንደ ሆናት ብቻ ጻፉ። ቅሬታ ሰሚዎቹም በቤትዋ ተገኝተው ጓዳዋን አዩ፥ መጥረጊያ መያዝ ትችያለሽን ብለው ጠየቁአት፤ እችላለሁ አለች። ስምዋ በሁለተኛው ዝርዝር ወጣ። ሦስት ዓመት ከአዲሱ ገበያ አደባባይ ጀምራ ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር ጠረገች። ልጅዋ ጫቱን አልተወም፤ አረቄውን ግን አንዳንድ ጊዜ ይተዋል፥ አንዳንድ ጊዜ ይመለስበታል። ያ በስብሰባው የተናገረው ጐልማሳ ማለዳ ወደ ሥራ ሲወርድ በዚያው መንገድ ያልፋል፤ ጫማውን ከአቧራው አርቆ፥ «እንዴት አደሩ፥ እናቴ» ይላታል፤ እርስዋም እስኪያልፍ ድረስ መጥረጊያዋን ታቆምለታለች።